አርባ አንደኛው ጥያቄ

ትርሲት ገላዬ አንድ ዓይነት አርባ አንድ ጥያቄ ስትጠይቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። በየዓመቱ ሚያዝያ ሲገባ መልስ የምትጽፍበትን ሰሌዳ በትከሻዋ አንግታ ፀሐይ ሳትወጣ ከቤቷ ትወጣለች፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ደግሞ ካገኘችው ጥላ ሥር ትገባለች። ከአራት ሰዓት በኋላ በዳንሌ ሜዳ ላይ ሰው አይንቀሳቀስም። አህያ እንኳ አይንቀሳቀስም። በ2093 ዓ.ም. ሚያዝያም እንደ ወትሮው ወጣች። የዚያ ዓመቱ ግን የመጨረሻው ዙር ነበር።

በሜዳው ላይ ያሉት ሦስት መንደሮች የደጋው ምንጮች ሲደርቁ ወደ ቆላ የወረዱ ሰዎች የሰፈሩባቸው ናቸው። ሲሰፍሩ ሁሉም ነገር እኩል ተሰጥቷቸዋል፤ እኩል ቤት፣ እኩል ውሃ፣ ከፀሐይ የሚከልል እኩል የጥላ መረብ። የተለያየው አስተዳደራቸው ብቻ ነው። የመጀመሪያው፣ የድምፅ መንደር የሚባለው፣ አስተዳዳሪዎቹን በየሁለት ዓመቱ ይመርጣል። ሁለተኛውን በፈተና ያለፉ አምስት ሊቃውንት ያስተዳድሩታል። ሦስተኛው ለአንድ ሰው የተሰጠ ነው፤ ሰውየው ባላደራ ይባላል፤ እስኪሞት ድረስም አይወርድም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከሦስቱ የትኛው ሰውን ደህና እንደሚያኖር ይለካና አሸናፊው ለሌሎቹ ሁለት፣ ከዚያም ገና ለሚመሠረቱት መንደሮች ሁሉ ይሰጣል ተባለ። ይህን የሚመራው የንፅፅር ጽሕፈት ቤት ነበር፤ የትርሲት ሥራም እዚያ ነው። ቆጣሪ ናት። ቤት ለቤት እየዞረች ትጠይቃለች፤ የተመለሰላትን ትጽፋለች፤ ሰውየው በአውራ ጣቱ ያትማል፤ ወደሚቀጥለው ቤት ትሄዳለች። የሰማችውን ለማንም ላትናገር ምላለች።

ቆጣሪ የገዛ መንደሩን አይቆጥርም። ትርሲት የምትኖረው በድምፅ መንደር ስለሆነ መጀመሪያ ስድስት ዓመት ሊቃውንቱን ከባላደራው ጋር ደርባ ቆጠረች፤ ከዚያ ወዲህ ግን የባላደራውን መንደር ብቻ ያዘች። የሊቃውንቱን መንደር ስታስታውስ የሚመጣባት ሚዛን ነው። እዚያ ሰው በየሳምንቱ ይመዘናል፤ የሚጠጣው ውሃ በክብደቱ ልክ ይሰፈርለታል። ስሌቱ ትክክል ነው። አንድ ጊዜ ሊቃውንቱ ያዘዙት የማሽላ ዘር ሳያፈራ ሦስት ዓመት ተዘራ። ገበሬዎቹ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ዘሩ እንደማይሆን ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን እንዴት ዐወቃችሁ ቢባሉ የሚያሳዩት ስሌት አልነበራቸውም። በአስተዳደሩ ምን ያህል ረክታችኋል ብላ ስትጠይቃቸው ከአሥር ስምንት ይሏታል። እነሱ ይሻላሉ፣ የተማሩ ናቸው ይሏታል።

የድምፅ መንደር ሌላ ነው። እዚያ ስብሰባ አያልቅም። ውሃ በስንት ሰዓት ይከፈት፣ በድምፅ ነው። የተቀደደው መረብ የቱ ጋ ቀድሞ ይጠገን፣ በድምፅ ነው። ሥጋ ሻጩ ታረቀኝ አንድ ቀን ሊቀ መንበሯን ወይዘሮ ጠጂቱን በሰው ሁሉ ፊት ውሸታም ብሏት ነበር፤ በማግስቱ መጥታ አንድ ኪሎ ሥጋ ገዛችው፤ እሱም ከጥሩው ቆረጠላት። ይህ ለትርሲት ምንም የሚያስገርም ነገር አልነበረም። መንደሩ እንዲህ ነበር።

ለመንደሩ የታሰበው ጤና ጣቢያ ግን አልተሠራም። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰዎች የት ይሠራ በሚለው አራት ዓመት ተከራከሩ። ላይኞቹ ሲያሸንፉ ታችኞቹ ይግባኝ ይላሉ፤ ይግባኙ ሳይታይ ምርጫ ይደርሳል፤ ኮሚቴው ይቀየራል፤ ነገሩ ከሀ ይጀመራል። በአራተኛው ዓመት የትርሲትን ታናሽ እህት አዜብን ምጥ ያዛት። ጊዜው ቀትር ነበር። በጋሪ ጭነዋት ወደ ሊቃውንቱ ጤና ጣቢያ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ሄዱ፤ መንገድ ላይ ወለደች። ወንድ ልጅ ነበር። አልተነፈሰም። አዜብ ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ረግጣ አታውቅም። ባሏ ለጉድጓድ ቁፋሮ በሄደበት መሬት ተደርምሶበት ስለሞተ ከትርሲት ጋር ነው የምትኖረው። ሲሞት ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ነበር፤ በዚያ ሚያዝያ ስድስት ወሯን ይዛለች። ትርሲት ማለዳ ስትወጣ አዜብ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ በር ላይ ቆማ ትሸኛታለች።

ትርሲት የባላደራውን መንደር አትጠላውም ነበር። እንዲያውም ስንት ዓመት ሙሉ ወደዚያ ለመዛወር አስባ ታውቃለች። መንገዱ የተጠረገ ነው፤ በር የሚቆልፍ የለም፤ ውሃ በሰዓቱ ይመጣል። ባላደራው ራሱ ጠዋት ጠዋት በእግሩ እየዞረ የሰውን ጤና ይጠይቃል፤ የልጆቹን ሁሉ ስም ያውቃል። ጤና ጣቢያቸውን በአርባ ቀን ነው ያሠራው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ንጋት ላይ እንደምን አደራችሁ ይላል፤ የቀኑን ሥራ ይነግራል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ማጉያው ይስማ አይስማ የሚያውቅ የለም። ማንም አይጠይቅም።

በዚያ መንደር ጥያቄ ቶሎ ያልቃል። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ፣ በአስተዳደሩ ሊለወጥ ይገባል የሚሉት ነገር ካለ ይግለጹ የሚለው ነው። ምንም ይላሉ። አርባ አንደኛው፣ በአስተዳደርዎ ምን ያህል ረክተዋል፣ ከዜሮ እስከ አሥር የሚለው ነው። ዘጠኝ ይላሉ። አንዳንዱ አሥር ይላል፤ አሥር ማለት ግን ማጋነን እንዳይመስል የሚፈሩ ስላሉ ዘጠኝ ይበዛል።

ጋሽ ይመር ሁልጊዜ ዘጠኝ ነበሩ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የመንደሩን የውሃ ፓምፕ ከልጃቸው ከእንድሪስ ጋር ይጠብቃሉ። ትርሲት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ቤታቸው ገብታለች። ውሃ ይሰጧታል፣ ወንበሩን በክንዳቸው ይጠርጉላታል፣ ጥያቄውን ሳትጨርስ ይመልሱላታል። በዚያ ዓመት ስትገባ ውሃ አልሰጧትም። ወንበሩም ከነአቧራው ነበር።

«በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?» አለቻቸው።

«ሁለት።»

ሰሌዳው ላይ ግን አስቀድሞ አንድ የሚል ሰፍሮ ነበር። ትርሲት አየችው፤ እሳቸውንም አየቻቸው።

«አንድ ነው የሚለው፣ ጋሽ ይመር።»

«እሱ ይበል። ሁለት ነን። እኔና እንድሪስ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ ነገሯት። በጥቅምት ወር ለታችኛው ረድፍ ቤቶች የሚሄደው ውሃ አነሰ። እንድሪስ የፓምፑን መለኪያ አየ፤ ውሃው ወዴት እንደሚሄድም አየ፤ ውሃ ለመቅዳት ለተሰለፉት ሴቶች ወደ ባላደራው እንግዳ ማረፊያ አትክልት ነው የሚሄደው ብሎ ነገራቸው። የተናገረው አንድ ጊዜ ነው፤ ጮክ ብሎም አይደለም። በሳምንቱ ሁለት ጨዋ ሰዎች መጡ፤ ለሥራ ተዛውሯል አሉ። ልብሱን እንኳ አልወሰደም። ሽማግሌው ወዴት እንደሆነ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ሄደዋል። ባላደራው በትዕግሥት አዳምጧቸው፣ ትከሻቸውን ይዞ፣ ልጅዎ የኔም ልጅ ነው ብሎ ሸኛቸው። በጥር ወር የእንድሪስ ስም ከውሃ ዝርዝሩ ላይ ጠፋ።

ትርሲት ግድግዳው ላይ ያለውን ማጉያ አየች። ከዚያ ማንም ቆጣሪ ሊያደርገው የማይገባውን አደረገች።

«ጋሽ ይመር፣ እንደ ወትሮው ዘጠኝ ልጻፍና እንለፈው» አለቻቸው።

«አይሆንም።»

«የአንድ ሰው መልስ ውጤቱን አይለውጠውም።»

«ስለ ውጤቱ መች አነሳሁብሽ፣ ልጄ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዋሽቼሻለሁ። አንቺም እንደምዋሽ ታውቂያለሽ። ዘንድሮ የመጨረሻው ነው አሉ፤ ከእንግዲህ እቤቴ ገብቶ የሚጠይቀኝ የለም። ልጅ እንደነበረኝ አንድ ቦታ ይጻፍልኝ።»

ጻፈች። በመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት ብላ ጻፈች። በአሥራ ሰባተኛው ልጄን ይመልሱልኝ ብላ ጻፈች። በአርባ አንደኛው ዜሮ ጻፈች። ጋሽ ይመር አውራ ጣታቸውን በጨርቅ ጠርገው አተሙ። ስትወጣ ተነስተው እስከ በሩ ሸኟት፤ ሽኝት ልማዳቸው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ከጽሕፈት ቤቱ ተጠራች። አለቃዋ ናኦድ ከእሷ በአሥር ዓመት የሚያንስ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሰው የማያስቀይም ልጅ ነው። አስቀመጣት፤ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጣላት፤ መንገዱ እንዴት እንደሆነ ጠየቃት። ከዚያ ከሌሎቹ ሁሉ የራቀ አንድ መልስ እንደተገኘ ነገራት። ሽማግሌው ታመው ይሆን ወይ፣ ጥያቄው አልገባቸው ይሆን ወይ እያለ አንድ ባንድ አነሳ። ትርሲት አልታመሙም አለችው። ጥያቄውም ገብቷቸዋል አለችው።

«ወይዘሮ ትርሲት፣ መልስ ሰጪው ተምታቶባቸው ነበር ብለው ቢፈርሙልኝ ይበቃል» አላት። «ለእሳቸውም ይሻላል።»

«ለእሳቸው እንዴት ይሻላል?»

ናኦድ ወረቀቱን ወደራሱ መለስ አደረገው። «እንዲያው አልኩ» አለ።

«መልሶቹን ማን ነው የሚያያቸው?»

«ማየት ያለበት ብቻ ነው።»

አልፈርምም አለች፤ ከፈለጋችሁ ተመልሼ ሄጄ ላረጋግጥ አለች። እሱም ደስ ይለኛል፣ ይሂዱ አላት። እንደዚያ በቀላሉ መፍቀዱ መንገድ ላይ ሳለች ነው ያስፈራት።

ስትደርስ የጋሽ ይመር በር ሰማያዊ ተቀብቷል። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ከውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ወጣች፤ ባሏ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ትርሲት እዚህ ይኖሩ የነበሩት ሽማግሌ የት እንደሄዱ ጠየቀቻቸው። ሴትየዋ መሬት መሬት እያየች ተዛውረዋል መሰለኝ አለች። ባልየው ቶሎ ብሎ ቤቱን ባዶውን ነው የሰጡን አለ። ሰሌዳው ሁለት ሰው ይል ነበር፤ ሁለት ናቸው። ጠየቀቻቸው። ምንም አሉ። ዘጠኝ አሉ። አተሙ።

ወጥታ ከፓምፑ አጠገብ ካለው ዳስ ሥር ተቀመጠች። አራት ሰዓት ሆነ፤ አልተነሳችም። ትንሽ ግቢ የነበራት አንዲት ወይዘሮ ትዝ አለቻት። ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ዓለምነሽ ትባል ነበር፤ ስትጠይቃት ስድስት አለቻት። በዓመቱ ስትመለስ ሌላ ቤተሰብ አገኘች። ሰው ቤት ይቀይራል ብላ አለፈችው። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ፤ አምስት ብሎ ነበር። ከእሱ በፊት ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ በአንድ ቤት፣ በአንድ ድምፅ፣ አራት ብለዋት ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከሰባት በታች የሰጧት ቤቶች ከጋሽ ይመር ጋር አራት ናቸው። አራቱም ቤቶች ሌላ ሰው ገብቶባቸዋል። ማን ምን እንዳለ ከእሷ በቀር የሰማ አልነበረም። ማጉያው ሰማ አልሰማ፣ መልሱን ተሸክማ ወደ ጽሕፈት ቤት የወሰደችው እሷ ናት። በየዓመቱ፣ በጥንቃቄ፣ አንድ ቁጥር ሳታዛንፍ።

ውጤቱ በግንቦት አጋማሽ ወጣ። የባላደራው መንደር ዘጠኝ ነጥብ ሁለት፣ የሊቃውንቱ ስምንት ነጥብ አንድ፣ የድምፅ መንደር አራት ነጥብ ስድስት። በድምፅ መንደር ሰው ሲጠየቅ ያለውን ሁሉ ይዘረግፋል። ታረቀኝ ለአራት ሳምንት የመብራት አምፖል አልተቀየረልኝም ብሎ ሁለት ሰጥቷል። አንዷ ጎረቤት ወይዘሮ ጠጂቱን ስለማትወዳት ብቻ ዜሮ ሰጥታለች፤ ይህንንም በገበያ መካከል ስትናገር ተሰምታለች።

በመንደሩ ሕግ መሠረት ውጤቱ በድምፅ መጽደቅ ነበረበት። ካልጸደቀ መንደሩ እንዳለ ይቀጥላል፤ ከጽሕፈት ቤቱ ግን ከእንግዲህ ምንም አይጨመርለትም። ስብሰባው ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በአዳራሹ ተጠራ። ስድስት መቶ ያህል ሰው መጣ፤ ቦታ ያጡት በመስኮት ቆሙ። አዜብም መጣች። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፤ ግድግዳውን ተደግፋ ኋላ በኩል ቆመች።

ወይዘሮ ጠጂቱ አጀንዳውን አነበበች፤ እጅ ያወጣ ሁሉ ተናገረ። የሚበዙት ደክሞናል ነው ያሉት። ሠላሳ ዓመት ተከራከርን፣ እስቲ ምን አተረፍን አሉ። ከዚያ ትርሲት እጇን አወጣች።

መሐላዋን እንደምታፈርስ ተናግራ ጀመረች። ጋሽ ይመር ማን እንደሆኑ፣ እንድሪስ ምን እንዳለ፣ ሰማያዊ በሩን፣ ዓለምነሽን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ወንድማማቾቹን ነገረቻቸው። በሰው ፊት መናገር ያልለመደች ሰው ነበረች፤ ወደ ኋላ ተመልሳ የረሳችውን ትጨምራለች፤ ሰውም አላቋረጣትም።

«ዘጠኙ ፍርሃት ነው» አለች። «እዚህ ሁለት የሰጠው ሰው ዛሬ እዚህ ቁጭ ብሏል። እዚያ ስድስት የሰጠችዋ የለችም። የተነጻጸረው ይህ ነው። መልሳቸውን ተሸክሜ ለጽሕፈት ቤቱ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አውቃለሁ።»

ታረቀኝ ተነሳ፤ በክፋት አልነበረም። ሲወስዷቸው አይተሻል ወይ አላት። አላየሁም አለች። ወረቀት አለሽ ወይ አላት። የለኝም አለች። ከመስኮቱ በኩል አንዲት ሴት፣ እኛስ ጋ በመንገድ የሚሞተው ሰው አይቆጠርም ወይ አለች። አንድ ሽማግሌ እኔ አምናታለሁ ብለው ተቀመጡ። ሌላው ደግሞ ብናምናትስ፣ እንደ ሰዉ ዝም ብለን ከኖርን ማን ይነካናል አለ። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ክርክሩ አራት ሰዓት ሊሆን እስኪል ቀጠለ፤ ሰው ወደ ጥላው ለመግባት ስለቸኮለ ድምፁ ቶሎ ተሰጠ።

ሦስት መቶ ሠላሳ አንድ ለመቀበል፤ ሁለት መቶ ስድሳ ስምንት ላለመቀበል። ወይዘሮ ጠጂቱ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ ስብሰባው ተበትኗል አለች፤ የሚቀጥለውም መቼ ነው ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

እህትማማቾቹ በመረቡ ጥላ ሥር ሥር ወደ ቤት ሄዱ። አዜብ ቀስ ብላ ነበር የምትራመደው። ከቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ ቆመች።

«ለመቀበል ነው የሰጠሁት» አለች።

ትርሲት ቁልፉን ከኪሷ እያወጣች ነበር። «አላመንሽኝም ማለት ነው?»

«አምኜሻለሁ። አንዲት ቃል አልተጠራጠርኩም።» አዜብ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። «ያንቺ ሽማግሌ ልጄ ይጻፍልኝ አሉሽ፤ ጻፍሽላቸው። የኔን ማን ጻፈው? በየትኛው ጥያቄ ላይ ነው የሚገባው? በአርባ ቀን ይሠራሉ ብለሽ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ፣ ትርሲት። አርባ ቀን እኮ ይደርስልኛል።»

ትርሲት ቁልፉን አዞረች። በሩን ከፈተችላት፤ አዜብ ገብታ ስትቀመጥም ውሃ ቀድታ ሰጠቻት። የዚያን ቀን ቀትር ሁለቱም ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ተኙ።

አዲሱ አስተዳደር ሰኔ አንድ ቀን ገባ። የመጣው የባላደራው ምክትል ነው፤ እንደ አለቃው ጨዋ ሰው ነው። ለትርሲት ከጽሕፈት ቤቱ የምስጋና ደብዳቤ ደረሳት፤ ንፅፅሩ ስላለቀ ከእንግዲህ ቆጣሪ አያስፈልግም ይላል። በአዳራሹ ስለተናገረችው ነገር አንድም ቃል አልነበረበትም። የሚመጡባትን ሁለት ጨዋ ሰዎች ስትጠብቅ ሰነበተች። አልመጡም። የመጡት ሠራተኞች ናቸው፤ በየቤቱ ግድግዳ ማጉያ ሰቀሉ፤ ያስቸገርነው ነገር ካለ ይቅርታ ብለው ወጡ። አዳራሹ የሲሚንቶ መጋዘን ሆነ።

ጤና ጣቢያው በሠላሳ ስድስት ቀን አለቀ። በታች ሰፈር ነው የተሠራው፤ ላይኞቹ አልተከራከሩም። አዲሱ አስተዳደር በገባ በሁለተኛው ሳምንት ትርሲት ታረቀኝን መንገድ ላይ አግኝታው አምፖሉ ተቀየረልህ ወይ አለችው። ሳቅ ሊል ሲል ተወው። ምንም የጎደለብኝ ነገር የለም አላት፤ ከእሷ አልፎ ወደ አንድ ቦታ እያየ። ወይዘሮ ጠጂቱ ደግሞ ከቤቷ መውጣት ተወች፤ ታማለች ይባላል።

አዜብን ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን ምጥ ያዛት። ከቤታቸው እስከ ጤና ጣቢያው ሦስት መቶ እርምጃ ነው። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ አንሶላው ነጭ ነበር፤ አዋላጇ ሥራዋን የምታውቅ፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ ሴት ነበረች። ሕፃኗ እትብቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞባት ነበር። አዋላጇ ሳትደናገጥ ፈታችው። ሴት ልጅ ናት፤ ወዲያው አለቀሰች። ትርሲት ከእህቷ ራስጌ ቆማ አብራ አለቀሰች። አዋላጇ እንዲህ ያለው በጋሪ ላይ ቢሆን ኖሮ አንድም አይተርፍም ነበር አለች፤ እናቲቱም ልጅቱም።

ሲጸዳዱና ሲረጋጉ፣ አዋላጇ ወጥታ ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ትርሲት ሕፃኗን ታቀፈቻት። ጣቶቿን ቆጠረች። ፀጉሯ እንደ አባቷ ጥቅጥቅ ያለ ነው። አዜብ ከተኛችበት ሆና ታያቸው ነበር። ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ማጉያ አለ።

«ትርሲት» አለቻት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ወዬ።»

«ስለዚያ ሽማግሌ ከእንግዲህ አታንሺ። ቤትም ቢሆን።»

«ለማን አነሳሁ? ከዚያ ቀን ወዲህ ስማቸውን ጠርቼ አላውቅም።»

«ትጠሪያለሽ። ቀትር ላይ በእንቅልፍሽ ትጠሪያቸዋለሽ። እሳቸውንም ልጃቸውንም፣ ያቺንም ሴትዮ። ሰምቼሻለሁ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔ ከሰማሁ ሌላውም ይሰማል። ለእሷ ስትይ፣ እህቴ። ለምኜሻለሁ።»

ትርሲት ሕፃኗን አየቻት። ተኝታለች፤ አፏን ትንሽ ከፍታ ትተነፍሳለች።

«እሺ» አለቻት።

በማግስቱ አዜብንና ሕፃኗን ወደ ቤት አመጧቸው። ጎረቤቶች መጡ፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ አሉ፤ ስለ ጤና ጣቢያው ውበት አወሩ፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ ተሰናብተው ወጡ። አዜብ ሕፃኗን ጡት አስይዛ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ትርሲት ምንጣፏን ከክፍሉ አንስታ ከማጉያው ወደ ራቀችው ጓዳ ወሰደች፤ በሩንም ዘጋች። ከዚያ ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታች፤ ሁለት እጥፍ አጠፈችው፤ በአፏ ላይ አዙራ ከማጅራቷ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። በአፍንጫዋ እንደምትተነፍስ ሞከረች። መተንፈስ ይቻላል። ጋደም አለች።